ፈረስ ያለበት የቡድን ሥዕል ለመቅዳት ለምታስቡ

የዘይት ቀለም እየተማራችሁ ከሆነ አንድ ትልቅ የቡድን ሥዕል ቅዱ፤ ብዙ ያስተምራል። እኔ የምመክረው ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ያለውን፣ ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1635 ገደማ የሣለውን «የብሬዳ እጅ መስጠት» ነው። ሰው ሞልቶበታል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ጀርባውን የሰጠን ግዙፍ ፈረስ አለ።

ዋናው 307 በ367 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 50 በ60 ሸራ ላይ ሳይዛባ ይገባል። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ 25 በ30 አድርጋችሁ ሁለት ቅጂ አሳትሙ፤ አንዱን በቀለም፣ አንዱን በጥቁርና ነጭ። ወረቀቱን በ5፣ ሸራውን በ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ አስምሩ።

ፊቶቹን ለጊዜው ተዉአቸው። በርንት አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኑና (መስኮት ይከፈት!) ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ጨለማውን ቦታ ብቻ አስቀምጡ። የፈረሱ ዳሌ አንድ ትልቅ ጥላ ነው፤ ጡንቻው ቆይቶ ይመጣል። እግሮቹ ካስቸገሯችሁ እግሩን ሳይሆን በእግሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሣሉ። ከሁሉም በላይ የምትጠቅመው ይቺ ናት። ዘይት የምትጨምሩት በሚቀጥሉት ድርቦች ላይ ነው፤ ከሥር ቅባት ከበዛ ላይኛው ይሰነጠቃል።

ፈረስ ከኋላ እንዴት እንደሚታይ ካልገባችሁ ፒያሳ የምኒልክ ሐውልት ጋ ሂዱና በጀርባው በኩል ቆማችሁ በእርሳስ ንደፉ። ጠዋት ብትሄዱ ጥላው ጎልቶ ይታያችኋል፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ከመመለስ እዚያው መንደፉ በጣም ይሻላል።