ማት ጠረጴዛዬን ያበላሸሁትና ያስተካከልኩት
ጥቁር ማት (ላዩ የማያብለጨልጭ) ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የእጅ አሻራ አልለቅ ሲለኝ የእንጨት ፖሊሽ ነፋሁበትና ጭራሽ ባሰበት፣ ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል መስመር በመስመር ያብለጨልጫል። ለካ ማት የሚሆነው ላዩ ላይ በአይን የማይታይ ሻካራነት ብርሃኑን ስለሚበታትነው ነው፣ ፖሊሹ ደግሞ ያንን ሞልቶታል። ያዳነኝ ለብ ያለ ውሃ ላይ 2 ጠብታ የሳህን ሳሙና ነው፤ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክሬ ጥምዝዝ አድርጌ ጨምቄ ሳልጫን ጠረግኩት (መጀመሪያ ከስር በማይታየው በኩል ሞክሬ ነው፣ ፈርቼ ነበር)፣ ከዛ በንጹህ ውሃ የረጠበ ሌላ ጨርቅ፣ ከዛ ወዲያው በደረቅ። ሁለት ዙር ፈጀ። አንዱን ጥግ ግን ቀደም ብዬ በሻካራ ስፖንጅ ፈትጌው ስለነበር እዛጋ ማብለጭለጩ አልለቀቀም፣ እሱ ቆሻሻ ሳይሆን ላዩ ራሱ ተፍቆ ለስልሶ ነው፣ በሳሙና አይመለስም። አሁን እዛ ጥግ ላይ የጠረጴዛ መብራት ቆሞበታል።