የፊንጢጣ ካንሰር ቀዶ ሕክምናን በጠባሳ አትለኩት

ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ የሚመጡ ቤተሰቦች ቀድመው የሚጠይቁት «ዶክተር፣ በቀዳዳ ይሠራልናል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ሲሠራ፣ የሚፈሰው ደም ያነሰ ነው፤ ታካሚውም ቶሎ ይነሳል። ችግሩ ሌላ ጥያቄ አለመከተሉ ነው።

አንድ ልጅ የአባቱን ሸሚዝ ገልጦ «እዩት፣ ምንም አልነካውም» አለኝ። ሦስት አራት ነጥብ የምታክል ጠባሳ ናት። የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ ማለትም የወጣው አንጀት የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት፣ የታለ? ወደ ላቦራቶሪ አድርሱ ተብለው የተሰጣቸው፣ የወጣው አንጀት በፎርማሊን የተቀመጠበት ዕቃ አጎቱ ቤት ተቀምጧል! ያ ዕቃ ውስጥ ነው መልሱ ያለው። ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ውስጥ በተሠራው ሥራ ነው። አንጀቱን የከበበው ስብ ሽፋኑ ሳይቀደድ ከነዕጢው አብሮ መውጣት አለበት። እንግሊዛዊው ቢል ሂልድ ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ዛሬም የምንሠራው በዚያው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የወጣው አንጀት ጠርዝ ከካንሰር ንጹሕ ነው? ስንት ንፍፊት ተመረመረ? 12ና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

«በቀዳዳ የተሠራ ይበልጣል» ማለትም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኮለር 2 የተባለ ጥናት ከ1,000 በላይ ታካሚዎችን ይዞ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው በቀዳዳም ሆነ ሆድ ተከፍቶ (በክፍት) ሲሠራ 5 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ዓመት ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የወጡ ሁለት ጥናቶች ግን፣ የወጣው አንጀት ሲመረመር ላፓሮስኮፒ ከክፍቱ እንደማያንስ ማረጋገጥ አልቻሉም። ስለዚህ ከመሣሪያው ይልቅ እጁ የለመደ ሐኪም ፈልጉ። በተለይ ዕጢው ዝቅ ያለና ዳሌው ጠባብ ከሆነ።

በቀዳዳ ተጀምሮ በክፍት ሲያልቅ «አበላሹት» አትበሉ። ሐኪሙ አላይ ሲለው ሆዱን መክፈቱ ለታካሚው አስቦ ነው።

«ጨረሩ ይቅርና ቶሎ ቁረጡልኝ» የሚሉም አሉ። ጨረር የታዘዘው ዕጢው እንዲያንስና እንዳይመለስ ነው። ከጨረር በኋላ ለሳምንታት መጠበቅም የሕክምናው አካል ነው።

ሰገራ በሆድ በኩል የሚወጣበትን ከረጢት ፈርቶ መጥፋት ሌላው ነው። ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ የተሰፋው አንጀት እስኪድን።

ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ብቻ፦ ደም አየሁ ያለን ሰው ጓንት አድርጋችሁ በጣት ሳትመረምሩ የኪንታሮት ቅባት አትስጡ። እባካችሁ! ዝቅ ያለው ዕጢ በጣት ይነካል። አባባ ቢያፍሩም አስረድታችሁ መርምሯቸው።

ጠባሳው ደረቀ ብላችሁ ክትትሉን አታቋርጡ፤ ብዙውን ጊዜ 5 ዓመት ይዘልቃል። ቀጠሮው ከአጨዳ ጋር ከገጠመባችሁ ደውሉ፣ እናዛውረዋለን።