«ሀ» የሚጽፍ ልጅ ሲኒ መሳል አያቅተውም

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስዕል ላስተምር የገባሁ ቀን፣ ሰሌዳው ላይ አንዲት ያማረች ዶሮ ስዬ ጨረስኩና «በሉ ልጆች፣ እንደዚህ ሳሉ» አልኩ። ሃምሳ ሁለት ልጅ ነው። ዶሮዋን አዩ፣ እኔን አዩ። «ቲቸር፣ እኔ አልችልም» የሚለው ድምፅ ከፊት ዴስክ ተነስቶ እስከ ኋላ ተዛመተ። አንዷማ አለቀሰች። ያለቀ ስዕል አሳይቶ «ሳሉ» ማለት፣ የደረሰ ዶሮ ወጥ አቅርቦ «ሥሩ» እንደማለት ነው። ሽንኩርቱ መቼ ገባ? ማን አየ?

ቆይቶ የገባኝ፣ እነዚህ ልጆች መሳል እንደሚችሉ ነው። በየቀኑ ይስላሉ እኮ! ፊደል ሲጽፉ ሌላ ምን እያደረጉ ነው? «ዐ» ክብ ናት። «ሀ» አፏን ወደ ላይ የከፈተች ሲኒ ናት። «ሠ» ዶሮ ራስ ላይ ያለው ቀዩ ነገር ነው። እንግዲህ የእኛ ሥራ ስዕሉን ልጁ በሚያውቃቸው ቅርጾች ቆራርጦ፣ አንድ መስመር እኛ አንድ መስመር እነሱ እያልን አብሮ መሄድ ነው። ዛሬ በጀበና እናየዋለን። ጀበናን የመረጥኩት ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ሲያዩዋት ስለኖሩ ነው።

ዕድሜ ግን ይታሰብበት። አብዛኞቹ ልጆች በ3 ዓመታቸው ክብ አይተው መሳል ይችላሉ፣ በ4 ዓመት መስቀል፣ ወደ 5 ሲጠጉ ካሬ፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘን። ስለዚህ ለትንንሾቹ የኬጂ ልጆች የጎጆ ቤት ጣሪያ ከጀበና ሆድ ይከብዳል። «ቀላል ነው እኮ» ከማለታችን በፊት ለማን ነው ቀላል የሆነው?

ዕቃው ብዙ አይደለም። ለልጅ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስና ከለር። ኤፎር ከሌለ የደብተር ገጽ ይበቃል። ለአስተማሪ ጠመኔና ከተቻለ ከቤት የመጣች እውነተኛ ጀበና። ላጲስ ወደ ቦርሳ ይመለስ። ይህን ስል የሚቃወሙኝ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን አልለቅም። ላጲስ ያለው ልጅ አንዷን መስመር አሥር ጊዜ ይፍቃል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ክፍሉ ትቶት ይሄዳል። በምትኩ «እርሳሱን እንደ ላባ ያዙት፣ ቀስ» በሏቸው። ቀጭን መስመር ቢሳሳት ኋላ ከለሩ ይሸፍነዋል።

ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ሥሩ። የልጆቹን ወረቀት የሚመስል ትልቅ አራት ማዕዘን፣ በቁመቱ የቆመ። ሰሌዳ ሰፊ ነው፤ እናንተ መሃሉ ላይ ስትስሉ ልጁ ወረቀቱ ላይ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጀበና የሚስሉት ልጆች እጃቸው ሰንፎ አይደለም፣ ቦታው ጠፍቷቸው ነው። ስትስሉ ደግሞ ጎን ቁሙ። ጀርባችን መስታወት አይደለም።

አሁን እንጀምር። እያንዳንዱን ደረጃ እናንተ ትስላላችሁ፣ ልጆቹ በጣታቸው አየር ላይ ይስላሉ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ። አየሩን አትዝለሉት።

1. ጀበናዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጠይቁ። ሆዷ ምን ይመስላል? ያለ ማቶት ብናስቀምጣትስ? ቂጧ ክብ ከሆነች አንዴ ገፋ አድርጓትና ስትወዛወዝ ይዩ። (በእጃችሁ ደግፉ፣ ሰባሪ እንዳትሆኑ።) አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ይህቺ አምስት ደቂቃ ከስዕሉ ትበልጣለች። ልጅ የሚስለው ያየውን ነው።

2. ወረቀቱን በቁመት ለሁለት፣ በወርድ ለሁለት አጥፈው ይዘርጉት። መሃሉ ላይ መስቀል ይወጣል። «የላይኛው ፎቅ፣ የታችኛው ፎቅ» ብለን ስም እንሰጠዋለን።

3. ሆድ። ታችኛው ፎቅ ላይ ጭብጣቸውን ያስቀምጡ፣ ከዚያ ጭብጡን ሰፋ አድርጎ የሚከብ «ዐ» ይጻፉ። የግዙፍ ሰው «ዐ»። ከሥሯ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ይቅር፣ ለማቶቱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ክቧ ካነሰች ቀሪው ሁሉ ያንሳል። በዴስኮቹ መሃል አንዴ ዙሩና የሁሉንም ሆድ እዩ። ድንች የመሰለች ሆድ ምንም አትሆንም፤ ጀበናም በእጅ ነው የምትሠራው።

4. አንገት። ከሆዷ አናት የሚጀምሩ፣ በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚያስገቡ ሁለት መስመሮች። ወደ ላይ ሲወጡ እየተቀራረቡ፣ ጫፋቸው ላይ አንድ ጣት ብቻ ያስገባሉ። ቁመታቸው የልጁን ሌባ ጣት ያህላል። የሕፃን ክፍል ማስመሪያ ጣት ነው፤ አይጠፋም፣ አይሰበርም፣ ቤት አይረሳም።

5. አፍና ክዳን። አንገቷ አናት ላይ አጭር መስመር፣ ከላዩ ትንሽ ክብ።

6. እጀታ። ከአንገቷ ወጥታ ዞራ ሆዷ ላይ የምታርፍ፣ እንደ ጆሮ። አንድ መስመር ከሳሉ በኋላ ጎኑን ተከትላ የምትሄድ ሌላ መስመር ይጨምሩ፣ ያኔ ውፍረት ታገኛለች። ብዙ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ጋ ስለሆነ ሰሌዳው ላይ ሁለቴ ሳሉት።

7. መቅጃ። ከእጀታው ተቃራኒ፣ ከሆዷ ትከሻ ወደ ላይ ያዘነበለች አጭር ቱቦ። ከመሳላቸው በፊት ግን «ወደ ታች ብናደርጋትስ?» በሏቸው። «ቡናው ይፈሳላ ቲቸር!» ብለው ይጮኹባችኋል። በቃ፣ ከእንግዲህ መቅጃ ወደ ታች የሚስል ልጅ አይኖርም።

8. ማቶት። ከሆዷ ሥር ጠፍጣፋ እንቁላል የመሰለ ቅርጽ፤ ግን መስመሩ ሆዷ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። «ጀበናዋ ጋርዳዋለች፣ አይታየንም።» አንድ ነገር ሌላውን ይከልላል የሚለው ሐሳብ ለስድስት ዓመት ልጅ አዲስ ነው። ግማሹ ክፍል አስገብቶ ይስለዋል። ይለፍ።

እስከዚህ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። በመሃል የሚፈጥኑና የሚዘገዩ አሉ። ለፈጣኖቹ ሲኒ ስጧቸው፦ «ሀ» ጻፉ፣ አፏን በመስመር ዝጉ፣ የቤታቸው ሲኒ ጆሮ ካላት ከጎኗ ትንሽ ጆሮ። ስንት ሲኒ? እንግዳው ስንት ነው? እነሱ ይወስኑ። «አልችልም» የሚለውን ልጅ ደግሞ እርሳሱን ቀምታችሁ አትሳሉለት። ያ ስዕል ከዚያ በኋላ የእናንተ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ብጣሽ ወረቀት አውጡና አጠገቡ ተቀምጣችሁ ያቺን መስመር ብቻ እዚያ ላይ አሳዩት።

አንድ ቅሬታ አለ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ጀበና ከሳለ ፈጠራው የታል?» ይባላል። ኦስትሪያ የተወለደው የሥነ ጥበብ መምህር ቪክቶር ሎወንፌልድ ለልጆች የተዘጋጀ ምስል ሰጥቶ ቀለም ቀቡ ማለትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ልጁ በራሱ መስመር ላይ ያለውን እምነት ያጣል ብሎ። አልሟገተውም። ጀበናዋን ስለን ደወል ብንጠብቅ እውነቱን ነው። ስለዚህ ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር ሰሌዳውን አጠፋዋለሁ። አዎ፣ በዳስተር፣ ሙልጭ አድርጌ። ከዚያ «ጀበናዋ የት ናት? ማን ያፈላታል?» ብዬ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ።

ያኔ ነው ስዕሉ የሚጀምረው። ቄጤማ ይበተናል፣ ፈንዲሻ ከጣሪያ ይዘንባል፣ ጭሱ ገጹን ይሞላዋል። አንዲት ልጅ ስላ የጨረሰችውን መቅጃ ጫፉን በጥቁር ከለር ደፈነችው። ምነው አልኳት። «የኛ ቤቷ ተሰብራለች» አለችኝ። ሌላው በጎን የተቀመጠች አያቱን ስሎ ሁለቱንም ዓይኖቿን አደረገላት። እንደዚህ ሲያደርጉ አታርሙ። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ነበር የሚስሉት። እኔ «አያትህን በአንድ ዓይን ሳላት» ብለው ምን ሊለኝ ነው?

ቀለም ላይ አንድ ምክር ብቻ። ጀበናዋን ጥቁር ሲቀቡ ሆዷ ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ ነጭ ትተው ይለፉ። ያቺ ነጭ ጀበናዋን ታብለጨልጫታለች፣ ልጆቹም አስማት ይመስላቸዋል።

ሲያልቅ ሁሉንም ስቀሉ። ሃምሳ ሁለቱንም። አምስት «ምርጥ» መርጦ መለጠፍ ለአርባ ሰባት ልጅ «አትችልም» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ነው። ግድግዳ ካነሰ ከመስኮት መስኮት ሲባጎ ወጥሩና በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥሉ።

የሚቀጥለው ሳምንት ዶሮ ነው። ትንሽ «ዐ» ለራስ፣ ትልቅ «ዐ» ለሆድ፣ «ሠ» ለአናቷ። የቤት ሥራው ግን ከዛሬ ይሰጥ፦ ዶሮ አንድ እግሯ ላይ ስንት ጣት አላት? ሦስት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ለልጆቹ ግን አትንገሯቸው። ሄደው ይቁጠሩ።