ዓይን ቢጫ ሲሆን የሄፓታይተስ ኢ ምርመራ እንዴት ይሠራል?

ጅማ ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «የወፍ በሽታ ነው» የሚለውን ነው፤ ከዚያ የሚጠጣ ቅጠል ይታዘዝለታል። ላብራቶሪ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሄፓታይተስ ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት በእጁ ይዟል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ የተመረመረው ግን ቢ እና ሲ ብቻ ነው። በተበከለ ውኃ የሚተላለፈው ኢ የራሱ ምርመራ አለው፤ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ።

ከቤት ሳትወጡ ቀኖቹን ጻፉ። ትኩሳቱና ማቅለሽለሹ መቼ ጀመረ? ሽንት እንደ ሻይ የጠቆረው መቼ ነው? ዓይንስ? «ሰሞኑን» ቀን አይደለም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ትናንት የተጠጣውን ውኃ ብቻ አትወንጅሉ። የተጠጣ ቅጠል ካለም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ እሱም ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

ደም መስጠቱ ቀላል ነው፤ ለአንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ምርመራ መጾም አያስፈልግም። ከዚሁ ደም ኤስጂፒቲ (ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም) እና ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) ይታያል (ለቢሊሩቢን የተወሰደ ቲዩብ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ከዋለ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል)። ትኩሳት ካለ ወባም ይታይ። ኤስጂፒቲና ቢሊሩቢን ጉበቱ መጎዳቱን ይናገራሉ እንጂ ማን እንደጎዳው አይናገሩም።

አስቸጋሪው አንቲቦዲውን ማንበብ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አይጂኤም እንደ ድንኳን ነው፤ ደጅ ላይ ተተክሎ ካያችሁ በዚያ ቤት አሁን ነገር አለ። ሕመሙ ሲጀምር አካባቢ ይመጣና ከጥቂት ወራት በኋላ ይነሳል። አይጂጂ ግን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ሠርጉ መደረጉን እንጂ መቼ እንደሆነ አይናገርም፤ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «አንቲቦዲ ፖዘቲቭ» ብቻ የሚል ውጤት ከተሰጣችሁ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ኔጌቲቩ ደግሞ የባሰ ያታልላል። የላብራቶሪ ሥራ ስጀምር ትኩሳት በያዘው በሁለተኛው ቀን አንድ ወጣት መጣ። አይጂኤሙ ኔጌቲቭ ሆነ። «ኢ አይደለም፣ ወደ ቤትህ ግባ» አልኩት። ከሳምንት በኋላ ዓይኑ እርድ መስሎ ተመለሰ፤ ያው ምርመራ ፖዘቲቭ ወጣ። ልጁ የሚሠራው ጁስ ቤት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲጨምቅ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ደሙ በሕመሙ ስንተኛ ቀን እንደተወሰደ ሳልጽፍ ኔጌቲቭ አልሰጥም፤ ቀደም ብሎ ከተወሰደም ከሳምንት በኋላ ይደገም እላለሁ።

ፖዘቲቩም ቢሆን አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ኤፕስታይን ባር የሚባል ሌላ ቫይረስ ወይም ሪውማቶይድ ፋክተር (በመገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገኝ አንቲቦዲ) ያለበት ደም በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ኤስጂፒቲው ደህና ሆኖ አይጂኤሙ ፖዘቲቭ ከሆነ እኔ እጠራጠራለሁ። ፈጣኑ ካርድ (አንቲቦዲውን በመስመር የሚያሳየው ምርመራ) ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ይነበባል። ቡና ጠጥተው ሲመለሱ የምትገኘው ቀጭን መስመር ውጤት አይደለችም።

ምርጫ ካለኝ ኤላይዛን፣ ማለትም አንቲቦዲውን ብዙ ጉድጓድ ባለው ሰሌዳ ላይ የብዙ ሰው ናሙና አብሮ የሚመረምረውን፣ እወዳለሁ። ችግሩ ጥቂት ናሙና ብቻ ሲኖር ሰሌዳው ስለማይከፈት ሌሎች እስኪጠራቀሙ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ሥራው ከሀ ይጀመራል።

ፒሲአር፣ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ፣ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው አንቲቦዲ ላይሠራ ስለሚችል ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል። በደም ውስጥ የሚገኘው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ በሰገራም ይታያል። ሰገራው በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ይያዝ፣ ሽንትም በረኪናም አይንካው። ናሙናው ከጅማ አዲስ አበባ ከተላከ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የበረዶ ሣጥኑን እኔ ራሴ ካላየሁ አልፈርምም፤ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ናሙና ቫይረስ እያለበት የለም ሊል ይችላል።

ዓይኗ ቢጫ የሆነው ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል ተዉት። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ኢ ከያዛቸው እናቶች ከ20 እስከ 25 በመቶው ሊሞቱ ይችላሉ። ውጤት አትጠብቁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ደሙ እዚያው ይወሰዳል።