ከካንሰር ሕክምና በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ማታ የሚሠራ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ

ኬሞውም ጨረሩም አልቆ እንቅልፍ ግን አልመለስ ካለ፣ ጉዳዩ ድካም ማነስ አይደለም። ሰውነት ዝሏል፤ ልብ ግን ገና ዘብ ላይ ናት። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር ከቀጠለ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሎስ አንጀለስ የተሠራ ጥናት፣ ከጡት ካንሰር የዳኑ 90 ሰዎችን ይዞ ታይ ቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ ለእንቅልፍ ከሚሰጠው የምክር ሕክምና ጋር አወዳድሮ ነበር፤ ከ15 ወር በኋላም ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የምክር ሕክምናው የሚሰጥበት ቦታ ካለ እሱ ይቅደም። ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ላሉ ግን እሱን ፍለጋ ከመንከራተት ታይ ቺውን ሳሎን ውስጥ መጀመር ይቀላል።

ከራት በፊት፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥሩ ነው። ጠረጴዛውን ገፋ አድርገው ሁለት እርምጃ የሚያህል ቦታ ያውጡ። ሴራሚክ ላይ በካልሲ አይቁሙ፣ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ጎማ የሆነ ሸራ ጫማ ያድርጉ። ኬሞው እግርዎን ካደነዘዘው ሚዛንዎን የሚጠብቀው ዓይንዎ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳ አጠገብ ይሥሩ፣ መብራት ከጠፋም ወዲያው ይቀመጡ።

እግርዎን በዳሌዎ ስፋት ከፍተው ጉልበትዎን ላላ ያድርጉ። ግራ እግርዎን ግማሽ እርምጃ ያስቀድሙ። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ አየር ሲያስገቡ ክብደትዎ ወደ ፊተኛው እግር ይሂድ፣ የኋላው ተረከዝ ይነሳ፤ መዳፍዎ መሬት መሬት እያየ ክንድዎ እስከ ደረት ይውጣ። እስከ 6 እየቆጠሩ ሲያስወጡ ወደ ኋላ ይመለሱ፣ የፊተኛው እግር ጣቶች ይነሱ፣ ክንድዎ ይውረድ። 9 ጊዜ፤ ከዚያ ቀኝ እግር። ሁለቱ ወደ 3 ደቂቃ ይወስዳሉ። ሁለት ሳምንት አንድ ዙር፣ በኋላ ሦስት ዙር። ሲጨርሱ ጋቢ ደርበው፣ እጅዎን ሆድዎ ላይ አድርገው 5 ደቂቃ ይቀመጡ።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው ጂም እያስመሰለው ነው። ካላበዎት ፈጥነዋል። ወገብዎን ካመመዎት ክብደቱን በእግር ሳይሆን በወገብ እየገፉት ነው፤ ወደ ፊት ሲደርሱ የኋላውን እግር ሳይዘነበሉ ማንሳት ከቻሉ ልክ ነው። ካዞረዎት ትንፋሽዎን እየያዙ ነውና መቁጠሩን ይተዉት። የብብት እጢ የወጣለት ሰው ክንዱ ከከበደው ወይም ቀለበቱ ከጠበበው ለሐኪም ይናገር። ካንሰሩ አጥንት ነክቶ ከሆነ ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጎረቤት የ10 ሰዓቱን ቡና ሲጠራዎት ሄደው ይጫወቱ፣ ሲኒው ግን ይለፍዎት። እንቅልፍ የሚነሳውን ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የጡት ካንሰር መድኃኒቱ ታሞክሲፌን ሌሊት በሙቀት ቢቀሰቅስዎትም በራስዎ አያቁሙት፤ በአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ፈንታ ስስ ስሱን ይደራርቡ።

አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ ተነስተው ሌላ ቦታ ይቀመጡ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ጥግ ላይ ያለ በርጩማም ይበቃል። ሰዓት አይዩ፤ ውሻው ሲጮህ ስንት እንደሆነ ማወቁ ምንም አይፈይድም። ሌሊት 9 ሰዓት ቢተኙም ጠዋት 12 ሰዓት ይነሱ። ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ሦስት ወር ይስጡት። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ አዲስ ሕመም ከመጣ ግን ሦስት ወር አይጠበቅም፤ ወደ ክትትል ሐኪምዎ ይሂዱ።