ፍላሽ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሲሆን

ምልክቱ

ፍላሻችሁን ትሰካላችሁ። የፎልደሮቹ ስም አልተቀየረም፤ ግን ምስላቸው ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ ይህ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ነው። መጠናቸውም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ብቻ ሆኗል። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ይጠፋና የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት ብቻ ይቀራል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት የሚያሳትም ሰው ይህን ያውቀዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ብቻ የያዘ ተማሪ ምን ያህል እንደሚደነግጥ መገመት አያቅትም።

ፋይሉ ግን በአብዛኛው አለ። “ቫይረስ በላው” ብላችሁ ለፎርማት አትቸኩሉ። ፍላሹ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስን ክፈቱ። የተያዘው ቦታ ከቀድሞው ጋር ከተቀራረበ ሥራችሁ እዚያው ነው።

ምክንያቱ

በተለምዶ ሾርትከት ቫይረስ ይባላል፤ በአሠራሩ ግን ወርም ነው። ቫይረስ ሌላ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ወርም ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው፤ ራሱን እያባዛ በፍላሽ ወይም በኔትወርክ ይዛመታል። ይህ ለእናንተ መልካም ዜና ነው፤ የሰነዶቻችሁ ይዘት አልተነካም ማለት ነውና። ወርሙ ያደረገው ፎልደሮቹን “ሂደን” (የተደበቀ) እና “ሲስተም” (የዊንዶውስ የራሱ) ብሎ መደበቅ፣ በቦታቸውም ሾርትከት ማስቀመጥ ነው። ሾርትከቱን ስትከፍቱ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ከጀርባ ደግሞ ወርሙ ይነሳል። ፎልደሩ ስለተከፈተ ማንም አይጠረጥርም።

የእናንተን ክሊክ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ በአውቶራን አማካኝነት ፕሮግራም በራሱ ይነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ኮንፊከር የተባለ ወርም ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ይህን በር ለፍላሽ ዘጋው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ ማሻሻያ ላከ። ከዚያ ወዲህ ወርሙ ሰው እንዲከፍትለት ማታለል ነበረበት።

መፍትሄው

ከኮምፒውተሩ ጀምሩ። ብዙ ሰው ፍላሹን ብቻ አጽድቶ እዚያው ኮምፒውተር ላይ መልሶ ይሰካዋል፤ ወዲያው እንደገና ይያዛል። ልፋቱ ሁሉ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ፍላሹን ንቀሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። “ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት” የሚል ካያችሁ ኤንድ ታስክ በሉት። ይህ የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም ስለሆነ እንዳትሰርዙት፤ ወርሙ ስለሚጠቀምበት ማስቆም ብቻ ነው። ስታርትአፕ በሚለው ገጽ ላይ የማታውቁትን ዲሴብል አድርጉ። ከዚያ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ዲፌንደርን (የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ) አፕዴት አድርጋችሁ ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስነሱ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ የተደበቀውን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

አሁን ፍላሹን ሰኩ፤ ሾርትከቱን ግን አትንኩ። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ፎልደር ኦፕሽንስን ክፈቱ። ቪው በሚለው ገጽ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ምረጡ። ከሥሩ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሱ። ብዙዎች ይህችን ሁለተኛዋን ይዘሏትና “ፋይሌ የለም” ይላሉ። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይመጣሉ። ስም የሌለው ፎልደር ካያችሁም ክፈቱት፤ አንዳንዱ ወርም ሁሉንም እዚያ ያጭቀዋል።

ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ ካደረጋችሁት እንደተደበቀ ይቀራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩና የውስጡን ሰነድና ፎቶ ብቻ ውሰዱ። የማታውቁትን ፕሮግራም፣ ስክሪፕትና ሾርትከት ተዉት። ሰነዶቹ መከፈታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ።

ለማሳተም ስትሄዱ የምታሳትሙትን ፋይል ብቻ በፍላሽ ያዙ፤ ወይም በኢሜይል ላኩት።

ነገሩ ይህ ካልሆነስ?

ፎልደሮቹ ቦታቸው ላይ ሆነው ፋይሎቹ አልከፈት ካሉ፣ ስማቸው ጫፍ ላይ እንግዳ ፊደል ከተጨመረ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክትም ካለ ይህ ራንሰምዌር ነው። ፋይሉ ተቆልፏል እንጂ አልተደበቀም። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፤ በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) የተነሳው ዋናክራይ የተባለ ራንሰምዌር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የዘለለው በኔትወርክ ነበር። የተቆለፉትን ፋይሎች አትሰርዙ። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም ዩሮፖል ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች በነፃ መክፈቻ ስለሚያቀርብ፣ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ገብታችሁ የእናንተው ካለ ፈልጉ።