ኮከብ ለምን አይሸጡልንም? በየዝውውር መስኮቱ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በየክረምቱ ያው ክርክር ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን ማን ወዴት እንደሚሄድ እንተነብያለን፣ ዋጋ እንቆርጣለን፣ አሰላለፍ እንሠራለን። ከዚያ መስኮቱ፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ጊዜ፣ ይዘጋል፤ ይመጣል ያልነው ልጅ እዚያው ክለቡ ውስጥ ነው።

እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። በ2023 ጃንዋሪ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) የብራይተኑ ሞይሰስ ካይሴዶ ይመጣል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። 60 ሚሊዮን ፓውንድ ቀረበ ተባለ፣ ቀጥሎ ወደ 70 ከፍ አለ፣ ልጁ ራሱ ልሂድ ብሎ ኢንስታግራም ላይ ጻፈ። ብራይተን ወይ ፍንክች! በጣም ተናደድኩ። በኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ብራይተን ምንም አላጠፋም። ክለብ ምን አስቦ እንደሚሸጥና እንደማይሸጥ ሳናውቅ ዋጋ የምንቆርጠው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ትንሽ ክለብ ነው፣ ብር ሲያይ ይሸጣል»

ከሁሉም የበዛው ይሄኛው ነው። ድሮ እውነት ነበር። የስታዲየም መግቢያ ብቻ የሚያገኝ ክለብ አንድ ጎበዝ አጥቂ ከሸጠ የዓመት ወጪውን ሸፈነ ማለት ነው፣ ስለዚህ ትልቁ ክለብ ሲደውል ስልኩን ቶሎ ያነሳል።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይህን ቀየረው። ከ2013 እስከ 2016 ለነበሩት ሦስት የውድድር ዘመናት የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን መብቱ 3.018 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 5.136 ቢሊዮን ገባ። በ2016/17 የመጨረሻ ደረጃ ይዞ ወደ ታችኛው ሊግ የወረደው ሰንደርላንድ ከሊጉ 93.5 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰው። ሻምፒዮኑ ቼልሲ ያገኘው 150.8 ሚሊዮን ነው። እስቲ አስቡት፣ መጨረሻ የወጣው ክለብ አንደኛ የወጣው ካገኘው ከግማሽ በላይ ወስዷል።

ይህ የሆነው በአከፋፈሉ ምክንያት ነው። ከአገር ውስጡ ገንዘብ ግማሹ ለሃያውም ክለቦች እኩል ይከፈላል። ሩቡ እንደ ደረጃቸው፣ ሩቡ ደግሞ ጨዋታቸው በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ እንደታየ ታይቶ ይሰጣል። ከውጭ አገር የሚገባው ለረጅም ጊዜ እኩል ሲካፈል ኖሮ፣ ከ2019 ጀምሮ ነው ጭማሪው በደረጃ መከፈል የጀመረው። ይህ የውጭ ገንዘብ ከ2022 ጀምሮ ከአገር ውስጡ በልጧል። እኛ አዲስ አበባ ሆነን በየወሩ ለዲኤስቲቪ የምንከፍለውም እዚያው ድስት ውስጥ ይገባል። ካይሴዶን ስንመኝ ብራይተን እምቢ እንዲል አቅም ከሰጡት መካከል እኛም አለንበት ማለት ነው፤ እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ።

ለውጡ በግልጽ የታየው በ2015 ክረምት ይመስለኛል። ያ ትልቅ የ5.136 ቢሊዮን ውል ከወራት በፊት ተፈርሞ ነበር፣ ክለቦቹ ገንዘቡ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ዌስት ብሮም ሳይዶ ቤራሂኖን ለቶተንሃም አልሸጥም አለ። ኤቨርተንም ቼልሲ ለጆን ስቶንስ ደጋግሞ ያቀረበውን ዋጋ አልተቀበለም። ስቶንስ ራሱ መሄድ እፈልጋለሁ ብሎ በጽሑፍ ጠይቆ ነበር፤ ያም አልረዳውም።

«እንዲህ ከሆነማ በጭራሽ አይሸጡም»

የመጀመሪያውን ስህተት ያረመ ሰው ቶሎ የሚወድቅበት ሁለተኛው ጉድጓድ ይሄ ነው። የቴሌቪዥን ገንዘብ ለክለቡ የሚሰጠው ጊዜ ነው። ዛሬ ካልሸጠ ደሞዝ መክፈል የማይችል ክለብና ዛሬ ባይሸጥ ምንም የማይሆን ክለብ አንድ ዓይነት ድርድር አይደራደሩም። ሁለተኛው ቀኑን ራሱ ይመርጣል፣ ዋጋውንም ራሱ ይቆርጣል።

ስቶንስን ኤቨርተን በዓመቱ ለማንችስተር ሲቲ በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ካይሴዶም በጃንዋሪ ተከልክሎ በማርች አዲስ ውል ፈረመ፣ በኦገስት ቼልሲ በ100 ሚሊዮን ፓውንድና እስከ 15 ሚሊዮን በሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ወሰደው። ብራይተን ከኢኳዶር ሲያመጣው ያወጣው 5 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ሰባት ወር በመታገስ የተገኘውን ልዩነት እናንተ አስሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ክለቡ ኮከቡን ይዞ የሚቆየው ዋጋ እስኪጨምር ብቻ ብሎ አይደለም። ኮከቡ ክለቡን ሊጉ ውስጥ ያቆየዋል፣ ሊጉ ውስጥ መቆየት ደግሞ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ያቆያል። በ2023/24 መጨረሻ የወጣው ሼፊልድ ዩናይትድ እንኳ ወደ 110 ሚሊዮን ፓውንድ አግኝቷል። የወረደ ክለብ በመጀመሪያው ዓመት እኩል ከሚከፈለው ድርሻ 55 በመቶውን፣ በሁለተኛው 45 በመቶውን፣ ሦስተኛው ዓመት ካለው 20 በመቶውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ መውረድ የሚያሰጋው ክለብ በጃንዋሪ ምርጥ ተጫዋቹን በ40 ሚሊዮን ቢሸጥና በሜይ ቢወርድ፣ ከሽያጩ ካገኘው የበለጠ ገንዘብ ከእጁ ይወጣል። በጃንዋሪ «ይሄን ሁሉ ብር አቅርበንላቸው እንዴት እምቢ ይላሉ?» የምንለው ይህን ሳናሰላ ነው።

የክሪስታል ፓላሱን ዊልፍሬድ ዛሃን ሁሌም የማነሳው ለዚህ ነው። በ2019 መሄድ ፈልጎ ነበር፣ አርሴናልም ኤቨርተንም ጠይቀውታል፣ ፓላስ አልለቀቀውም። በ2023 ውሉ አልቆ በነፃ ወደ ጋላታሳራይ ሄደ። ብዙ ሰው ፓላስ ከሰረ ይላል። እኔ አልስማማም። በእነዚያ አራት ዓመታት ፓላስ አንድም ጊዜ አልወረደም፣ በየዓመቱ የቴሌቪዥን ድርሻውን ወስዷል። ልጁን ሸጦ ቢወርድ ኖሮ ነበር ኪሳራው።

እርግጥ መያዝ የሚከስርበት ጊዜም አለ። ቤራሂኖ ከተከለከለ በኋላ የድሮው ቤራሂኖ አልሆነም፣ በ2017 ጃንዋሪ በ12 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ስቶክ ሄደ። ቶተንሃም አቅርቦት ከነበረው በጣም ያነሰ ነው።

ውሉ ስንት ዓመት እንደቀረው አለማየት

ይሄ አጭር ነው፣ ግን ክርክራችንን ግማሹን የሚዘጋልን እሱ ነው። ሃሪ ኬንን ተመልከቱ። ያው ቶተንሃም፣ ያው ተጫዋች፣ ያው የቴሌቪዥን ገንዘብ። በ2021 ማንችስተር ሲቲ አጥብቆ ሲፈልገው ውሉ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር፣ አልሸጡትም። በ2023 አንድ ዓመት ሲቀረው ለባየርን ሸጡት። ገንዘቡ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ውሉ ላይ የቀረው ጊዜ ነው።

ውሉ ውስጥ የመልቀቂያ ዋጋ ካለ ደግሞ የክለቡ ፈቃድ ጭራሽ አይጠየቅም። ባርሴሎና ኔይማርን መሸጥ አይፈልግም ነበር፣ ከስፔን ሊግም ትልቁን የቴሌቪዥን ድርሻ ከሚወስዱት ሁለት ክለቦች አንዱ ነው። በ2017 ግን የመልቀቂያ ዋጋው 222 ሚሊዮን ዩሮ ሲከፈል ነገሩ አለቀ።

«ብር ካላቸው ምን ያስቸኩላቸዋል?»

ይህ ስህተት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። ክለቡ ባንክ ውስጥ ብር እያለው ለመሸጥ ሊገደድ ይችላል። ምክንያቱም የሊጉ ሕግ እስከ 2025/26 የሚቆጥረው ኪሳራ ነበር። በዚያ ሕግ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይችልም ነበር። ከታችኛው ሊግ የመጣ ከሆነ ገደቡ ዝቅ ይል ነበር። ሒሳቡ ደግሞ ለአብዛኞቹ ክለቦች ጁን 30 ላይ ይዘጋል።

የኖቲንግሃም ፎረስትን ታሪክ ሳስብ አሁንም ያሳዝነኛል። በ2023 ክረምት ብሬናን ጆንሰንን እንደሚሸጡ ያውቃሉ። ክለቡ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፣ ያደገ ልጅ ሲሸጥ የግዢ ዋጋ ስለሌለው መዝገብ ላይ በሙሉ ትርፍ ይሆናል። ከጁን 30 በፊት ቢሸጡት ዋጋው ዝቅተኛ ነበር። ጠበቁ። ሴፕቴምበር 1 ላይ ለቶተንሃም በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡት። ለንግድ ካየነው ትክክል ሠርተዋል፣ የተሻለ ዋጋ አግኝተዋል። ግን ገንዘቡ የገባው በሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ ነው። ገደባቸው 61 ሚሊዮን ነበር፣ በ34.5 ሚሊዮን አለፉት። ዋጋ እስኪሻል ስለጠበቅን ነው ብለው ተከራከሩ፣ አልተሰሙም፣ በ2024 ማርች 4 ነጥብ ተቀነሰባቸው። ጊዜ ይገዛል ያልነው የቴሌቪዥን ገንዘብ እዚህ ጋ አልሠራም።

ኒውካስልም እንደዚያው። ባለቤቱ የሳዑዲ የመንግሥት ፈንድ ነው፣ ብር አጣ የሚል የለም። በ2024 ጁን መጨረሻ ላይ ግን ሒሳቡን ለማስተካከል ኤሊዮት አንደርሰንን ለፎረስት፣ ያንኩባ ሚንቴን ለብራይተን በጥድፊያ ሸጠ። ስለዚህ ከጁን 20 በኋላ የሚወጣ ወሬ ስታዩ መጀመሪያ የሻጩን ሒሳብ ጠይቁ።

ሁሉንም ሊግ በእንግሊዝ መነፅር ማየት

«ብራይተን እንኳ እምቢ ካለ አያክስ እንዴት ይሸጣል?» የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። መልሱ ቀላል ነው፤ የኔዘርላንድ ሊግ የቴሌቪዥን ገንዘብ ከእንግሊዙ ጋር አይወዳደርም። አያክስ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በደረሰበት በ2019 ደ ዮንግንና ደ ሊክትን እያንዳንዳቸውን በ75 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። ለነሱ መሸጥ ዋናው የገቢ መንገድ ነው። ቤንፊካም የሚኖረው እንደዚያ ነው፣ ኤንሶ ፈርናንዴዝን ከአርጀንቲና ካመጣው ከወራት በኋላ ለቼልሲ በ121 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠው።

የፈረንሳዩ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። በ2018 ሜዲያፕሮ የተባለ ኩባንያ ከ2020 ጀምሮ በዓመት ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ለመክፈል ተስማማ። ክለቦቹ ገንዘቡ እንደሚመጣ አምነው ደሞዝ ጨመሩ፣ ተጫዋች ገዙ። በ2020 ኦክቶበር ክፍያው ቆመ፣ በዲሴምበር ውሉ ፈረሰ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ክለቦች ጎበዝ ልጅ ባበቀሉ ቁጥር የእንግሊዝ ክለብ ሲመጣ ለመደራደር አቅም የላቸውም። በ2024 ዳዝን ከተባለ አሰራጭ ጋር በዓመት ወደ 400 ሚሊዮን ዩሮ ተዋውለው እሱም በአንድ የውድድር ዘመን ተቋረጠ።

የኛን አገር ሊግ በዚህ መለካትም አይሆንም። በ2020 ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት መታየት መጀመራቸው ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ተጫዋች ይሂድ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ያ በጀት ነው።

ትልቅ ቁጥር ሰምቶ መደንገጥ

ለ2025 እስከ 2029 የተፈረመው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ውል 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው ሲባል ሁሉም «ከእንግዲህ ማን ይሸጣል!» አለ። ግን ውሉ ለአራት ዓመት ነው። ለዓመት ስታካፍሉት ወደ 1.68 ቢሊዮን ይመጣል። የ2016ቱ 5.136 ቢሊዮን ለሦስት ዓመት ሲካፈል ከ1.7 ቢሊዮን ይበልጣል። የሚታዩት ጨዋታዎች ደግሞ በጣም ጨምረዋል። በአሥር ዓመት ውስጥ ደሞዝና የተጫዋች ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

ተጫዋቹን መርሳት

ሌስተር ሻምፒዮን በሆነበት በ2016 አርሴናል የጄሚ ቫርዲን የመልቀቂያ ዋጋ አቀረበ። ክለቡ ማስቆም አይችልም ነበር። ያስቆመው ቫርዲ ራሱ ነው፣ እቆያለሁ አለ።

በ2025 ክረምት የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኒውካስል ለአሌክሳንደር ኢሳክ ሽያጭ የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም። ውሉ እስከ 2028 ነው፣ ሻምፒዮንስ ሊግ ገብተዋል፣ የሊቨርፑልን የመጀመሪያ 110 ሚሊዮን ፓውንድ አልተቀበሉም። እስካሁን ባልኩት ሁሉ ስናሰላው አይሸጥም። ልጁ ግን አልጫወትም አለ። ለብቻው ልምምድ ሠራ፣ ቃል ተገብቶልኝ ነበር ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ክለቡ እስከ መጨረሻው ቀን ያዘው፣ ሴፕቴምበር 1 ላይ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ለቀቀው፤ እስከዚያ ድረስ የእንግሊዝ ክለብ ከፍሎት የማያውቅ ዋጋ ነበር።

ኒውካስል በነዚያ ሳምንታት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከሽቱትጋርት ኒክ ቮልተማደን አመጣ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከብሬንትፎርድ ዮአን ዊሳን በ50 ሚሊዮን ፓውንድና ተጨማሪ ክፍያ ገዛ። ብሬንትፎርድም በበኩሉ ዊሳን አልሸጥም ብሎ ነው ክረምቱን የከረመው። የኒውካስልን የመጀመሪያ ዋጋ ጥሎት ነበር፣ ልጁም ልቀቁኝ ብሎ በአደባባይ ጽፎ ነበር፣ እነሱም የሸጡት በዚያው በሴፕቴምበር 1 ነው።